ለአንደኛዋ የወጣው ደቦ

ጎበዜ ማረው ከወረታ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ዘበኛ ስላችሁ ጠመንጃ ታቅፎ የሚያንቀላፋ ሰው እንዳታስቡ። ጠመንጃም የለው፣ እንቅልፍም የለው። ያለው አንድ ሽመል፣ አንድ የበሬ ቀንድና ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ፣ ሁለት ሰዓትም ካለፈ ለመንግሥትም የማይከፈት የቆርቆሮ በር ነው። ደወሉ ከግራሩ ላይ የተንጠለጠለ የአሮጌ ጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ጎበዜ እሱን በብረት ሲቀጠቅጠው ይፋግ ድረስ ይሰማል ይባላል። እኔ ይፋግ ቆሜ አላዳመጥሁም፤ የነገሩኝ ግን ይፋጎች ናቸው፣ ይፋጎች ደግሞ በማይጠቅማቸው ነገር አይዋሹም።

ቁመቱ አጭር ነው። አጭርነቱ የሚታወቀው ግን አጠገቡ ሲቆሙ ብቻ ነው፤ ከሩቅ ሲመጣ ድምፁ ቀድሞት ስለሚደርስ ሰው ረጅም እየጠበቀ ይቆያል። ትምህርቱ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ለምን አምስተኛ እንዳልገባ ሲጠየቅ፣ “አባቴ በሬው ሁለት፣ እኔ ሦስተኛ ነበርሁ፤ በሦስታችን ነበር የሚያርስ” ይላል። ሚስቱ አምሳል ሌላ ምክንያት ታውቃለች። “ውሸቱን ነው! ሰባት ሲባዛ በስምንት ላይ ቆሞ ቀረ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው” ትላለች። እሱም ጣቶቹን ይቆጥራል፤ ምናልባት እያሰላ ይሆናል።

ዘበኝነቱ ከእርሻው ጋር ነው። የትምህርት ቤቱ አጥር ሲያልቅ የሩዙ ማሳ ይጀምራል፤ ጎበዜም ከወዲያ ሲሆን ገበሬ፣ ከወዲህ ሲሆን መንግሥት ነው። በመንደሩ ደግሞ ደቦ ጠሪ ነው። ጎህ ሲቀድ ያን ቀንድ ከነፋው፣ ማረሻም ይሁን ማጭድ የያዘ ሁሉ ይወጣል።

ከሰባት ዓመት በፊት የገበሬው የቻላቸው ልጅ ዓለምብርሃን ከዘጠነኛ ክፍል አንደኛ ወጣች። እንደ ልማዱ በሰኔ መጨረሻ ዳስ ተጣለ፤ ከቤተ ክርስቲያን የተዋስነው ድምፅ ማጉያ ከእንግዶቹ እኩል ጮኸ፤ ልጅቱ ደርዘን ደብተር፣ እስክርቢቶና እንደ ጡብ የወፈረ መዝገበ ቃላት ተሸለመች። ዳሱን ያሰረው፣ አግዳሚውን የደረደረው፣ ወላጆች አፍረው ዝም ሲሉም ሆታውን የሚጀምረው ጎበዜ ነው። የዚያን ዕለት ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኸላት።

መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ዓለምብርሃን ግን የለችም። አንድ ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ። ጎበዜ አንድ ቀን በሩን በሰዓቱ ቆልፎ ፍለጋ ሄደ። ያገኛት ሩዝ ውስጥ ነው፤ ውኃው ጉልበቷ ደርሷል፣ ጎንበስ ብላ ታርማለች፣ አልቅቱ ባቷ ላይ እንደ ጌጥ ተሰቅሏል።

“ምነው ቻላቸው፣ ደብተር አጣችሁ?” አለ አባቷን።

“ደብተሩማ ሳጥን ውስጥ ነው፤ አንዱም አልተነካ” አለ ቻላቸው ቀና ሳይል። “የጠፋ እጅ ነው።”

ጎበዜ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ አምሳል እንደምትለው ግን መንገዱን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲጣላ ነው የመጣ። “አረም ደብተር ይፈራል ወይ? እኮ ይፈራል ወይ?” እያለ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ቀንዱን ነፋ። ሠላሳ ሰው ወጣ። የማን ደቦ እንደሆነ ሲነግራቸው ሳቁ፤ ግን የወጣ ደቦ አይመለስም። ማሳው ለምሳ ሳይደርስ ጸዳ። ዓለምብርሃን በነጋታው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ ነበረች። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ነው።

በሚቀጥለው ሰኔ፣ ሽልማቱ ሲያልቅ፣ ጎበዜ ድምፅ ማጉያውን ከዳይሬክተሩ ከአቶ ሰውመሆን እጅ ነጠቀ። ነጠቀ ነው የምለው፤ ሰውመሆን ግን “ሰጠሁት” ይላል።

“ከዛሬ ጀምሮ” አለ ጎበዜ፣ “ከዚህ ትምህርት ቤት ከሁሉ በልጦ አንደኛ ለወጣ ልጅ፣ የማንም ልጅ ይሁን የማን፣ ከትምህርት ለሚያስቀረው ሥራ አንድ ቀን ደቦ እናወጣለን! በትምህርት ቀን ነው የምናወጣ። ተሸላሚው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ሥራው ላይ ከታየ ደቦው ይበተናል። እሽ ወይስ እንቢ?”

“እሽ!” አልን። ገበሬ በዳስ ጥላ ሥር ተቀምጦ እንቢ አይልም።

እንዲህ ሆኖ፣ ዓለምብርሃንን ጨምሮ፣ በስድስት ዓመት የስድስት ልጆች ሩዝ ታረመ። አንዱ የባምላክ ልጅ ደሴ ነበር። ባምላክ የሩዝ መፈልፈያ ያለው፣ ከመንደሩ ሀብታሙ ሰው ነው፤ ደቦ ባይወጣለትም አይጎዳም ነበር። ሆኖም አወጣን፣ እሱም በግ አርዶ አበላን። የማንም ልጅ ይሁን የማን ተብሏላ! ያቺን ቃል ጎበዜ ሲናገር ለንግግሩ ማማሪያ ነበር የጣላት። ማንም አልመዘናትም፤ እሱም ጭምር።

ባለፈው ሰኔ ከሁሉ በልጣ አንደኛ የወጣችው እየሩስ ሆነች፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የሸክላ ሠሪዋ የሸጌ ልጅ።

ሸጌ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ቤቷ ከመንደሩ ዳር፣ ድንጋያማው ጉብታ ላይ ነው። ከእኛ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፤ እድራችንም አንድ ነው። የምንለያየው ምሳ ላይ ነው። የሠራችውን ማሰሮ ገዝተን ዓመቱን ሙሉ እንቀቅልበታለን፤ በዚያው ማሰሮ እሷ ስትቀቅልበት ግን አንቀምስም። ይህን ነገር አንድ ጊዜ ለውጭ አገር ሰው ላስረዳ ሞክሬ መሐል ላይ እኔው ጠፋብኝ። ዓይኗ ይበላል ይባላል። ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። ምን አይቼ? ሲሉ ሰምቼ።

የእየሩስ ስም ሲጠራ ዳሱ ለወጉ ያህል አጨበጨበ። ጎበዜ ብቻውን ሆታውን ጀመረ፤ ብቻውን ጨረሰው። ከኋላ አጥሩን ተደግፋ የቆመችው ሸጌ አንድ ጊዜ እልል ልትል እጇን ወደ አፏ አስጠግታ መለሰችው።

ነሐሴ ላይ፣ አፈር የምትቆፍርበት ጉድጓድ ዝናብ ጠጥቶ ተናደባት። ከነነፍሷ አወጧት፤ ወገቧ ግን ተጎዳ። ቁጭ ብላ መሥራት ትችላለች፣ መቆፈርና መሸከም ግን አትችልም። የሸክላው አፈር ያለው ደግሞ ወደ ጣራ ገዳም በሚወስደው መንገድ፣ ከተራራው ግርጌ ነው፤ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት። አፈር ከሌለ ሸክላ የለም፤ ሸክላ ከሌለ ቅዳሜ ወረታ ገበያ የሚወጣ ነገር የለም፤ ገበያ ከሌለ እህል የለም። ስለዚህ እየሩስ ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፣ ቆፍራ ተሸክማ ትመለሳለች፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትሮጣለች።

“አያ ጎበዜ፣ ይክፈቱልኝ።”

“ሰዓቱን አይተሻል?”

“አይቻለሁ። ሃያ ደቂቃ አልፏል።”

“ሃያ ሁለት” ይላል ጎበዜ ከበሩ ወዲያ።

አትለምነውም። ከበሩ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ትከፍታለች። የመጀመሪያው ክፍል ለአጥሩ ቅርብ ነው፤ የፊዚክስ መምህሩ ድምፅ ይሰማል። የሰማችውን ትጽፋለች። ጣቶቿ ላይ የደረቀው አፈር ገጽ በገለጠች ቁጥር ይረግፋል። አንድ ቀን መምህሩ ጥያቄ ጠየቀ። ክፍሉ ዝም አለ። ደግሞ ጠየቀ፤ ዝም። ከአጥሩ ውጭ አንድ ቀጭን ድምፅ መልሱን ተናገረ። ተማሪው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ፤ መልሱ ልክ ነበር። መምህሩ ጠመኔውን ይዞ እስከ አጥሩ መጣና ወደ ውጭ አየ። ጎበዜ ያን ሲተርክልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ጎበዜ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ቅዳሴ ላይ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት እየሩስ ድንጋዩ ላይም አልታየችም።

“አያ ጎበዜ” አለው ሰውመሆን፣ “የማንም ልጅ ይሁን የማን ነበር ያሉት። በድምፅ ማጉያ።”

“አውቃለሁ።”

“ከእጄ ላይ ነጥቀው።”

“ሰጠሁት አይደል የምትል?”

ጎበዜ ፈርቶ ነበር። ሰዎች ደግ ሥራ የሠራን ሰው ፍርሃት የሌለው አድርገው ያወሩታል፤ እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። የሸጌን ቤት ደጃፍ ሲያልፍ እንኳ አንገቱ ላይ ያለውን ክታብ የሚነካ ሰው ነበር። ደቦ ደግሞ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የወጣ ሰው የባለቤቱን እህል ሳይቀምስ ከተበተነ፣ ያ ምጽዋት ነው እንጂ ደቦ አይባልም። ስለዚህ ጭቃ መሸከሙ ብቻ ሳይሆን ምሳ መብላቱም አለ። አምሳልን አማከራት።

“ቃሉ ያንተ ነው” አለችው። “ወይ አውርደው፣ ወይ ተሸከመው። መሐል ላይ ቆመህ አታቃስትብኝ።”

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎበዜ ነገሩን ለሰው አወጣ። ባምላክ ተነሳ።

“ደቦው ለሩዝ ነው” አለ።

“ማን ነው ለሩዝ ያለው? ከትምህርት ለሚያስቀረው ሥራ ነው ያልሁ።”

“ታዲያ ጭቃ ልንሸከም ነው? በማን ቤትስ ነው ምሳ የምንበላ?”

“ልጅቱ አንደኛ ናት ባምላክ።”

“አንደኛ ትሁና! ማን ከለከላት? አጨበጨብንላት እኮ!”

አብዛኛው ሰው ከባምላክ ጋር ሆነ። እኔ የት ነበርሁ? ቆሜ እሰማ ነበር።

በጥቅምት፣ በአንድ ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ ጎበዜ ቀንዱን ነፋ። ከመንፋቱ በፊት ጤና አዳም አኘከ፤ ክታቡንም ዳሰሰ። እየሩስ በእናቷ ቁጣና በሰውመሆን ትእዛዝ ወደ ክፍሏ ሄዳለች፤ በሩን የዚያን ቀን የሚጠብቀው ዳይሬክተሩ ራሱ ነበር። ለቀንዱ ጥሪ የመጣው ቻላቸው ብቻ ነው፣ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር። “ለኔ ልጅ አርማችሁላታል” አለ፤ ሌላ ንግግር አልጨመረም። ከአምሳል ጋር አምስት ሆኑ።

አምስት ገበሬዎች ለአፈር ቁፋሮ ሲሰማሩ ምን ያደርጋሉ? ጥሩ አፈር ይፈልጋሉ። ከወንዙ ዳር ጥቁር፣ ቅባት የመሰለ፣ ዘር የሚያስጎመዥ ለም አፈር መርጠው አምስት ማዳበሪያ ሞሉና ለሸጌ ደጃፏ ላይ ዘረገፉላት። ሸጌ ከመደቡ ላይ እንደተቀመጠች ትንሽ ቆንጥራ አሸተተች፤ በምላሷ ነካችው። ከዚያ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። ከነሐሴ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው አሉ።

“አያ ጎበዜ፣ ይሄማ ጤፍ ይዘሩበታል። እሳት ሲያየው ግን ለአራት ይከፈላል።”

“አፈር አይደለም እንዴ?”

“ሰውስ ሁሉ ሰው አይደለም እንዴ? ዘበኛ የሚሆነው ስንቱ ነው?”

ጎበዜ ይህን ሙገሳ ይሁን ስድብ ሳይለይ ቆየ። “ታዲያ የትኛው ነው?”

“በአፍ አይነገርም። በዓይኔ ካላየሁት አልችልም፤ ለመሄድ ደግሞ ወገቤ…”

ቻላቸው ቆም ብሎ አሰበና፣ “ቃሬዛ እንሥራ” አለ።

ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ቆረጡ፣ ገመድ ጠመጠሙ፣ የአምሳልን ጋቢ አነጠፉ። ሸጌን አስተኟት። ፀሐዩ ከፍ ብሎ ስለነበር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አራቱ ወንዶች ተሸከሟት፤ አምሳል ከኋላ ተከተለች፤ ወደ ጉድጓዱ መንገድ ጀመሩ።

እንግዲህ አገራችንን ላላወቀ፣ ፎገራ ሜዳ ነው። ዓይናፋር ገበሬ እንኳ ሸሚዙን የሚቀይርበት ጥግ የለውም። በዚህ ሜዳ ላይ ፊቱ የተሸፈነ ሰው በቃሬዛ ሲያልፍ ያላየ የለም። ቃሬዛ ያየ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አይነገረንም፤ የያዘውን ጥሎ ይከተላል። ከማን ጋር ተጣላህ፣ ማንን ናቅህ፣ አይጠየቅም። አንዲት ሴት ከሩዝ ውስጥ ቀና ብላ፣ ቃሬዛው ከጉብታው ሲወርድ አይታ፣ “ወይኔ፣ ሸጌ ናት! ያ ወገቧ ጨረሳት!” አለች። በቃ። ወሬው ከእሷ ወደ ጎረቤቷ፣ ከጎረቤቷ ወደ መፈልፈያው። መፈልፈያው ቆመ። ነጠላ ተዘቀዘቀ፤ ሙሾው ተጀመረ፤ ሰው ከየማሳው በየድንበሩ እየሮጠ ወደ ቃሬዛው ጎረፈ። እኔም ሮጥሁ። ዓይኗ ይበላል ብዬ ያወራሁባትን ሴት ቀብር እንዳያመልጠኝ እስከ መውደቅ ሮጥሁ።

ጎበዜ ከኋላው ያንን ሁሉ ልቅሶ እየሰማ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም። ይህን ልብ በሉልኝ። አስቦበት ነው የሚሉ አሉ። እኔ በኋላ ስጠይቀው፣ “ቃሬዛ የተሸከመ ሰው አንገቱ አይዞርም” አለኝ። አይዞርም ይሆናል።

ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ቃሬዛውን አወረዱ። ከሃምሳ የማያንስ ሰው ከበበ። ባምላክ ኩታውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየመታ ሰውን ጥሶ ወደ ፊት መጣ።

“ወይኔ እታለም ሸጌ! ወይኔ እጀ ወርቋ! እንዳንች ያለ ሰው ከእንግዲህ ከየት ይገኛል!”

ሸጌ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጥ አደረገች።

“እዚሁ ነኝ አያ ባምላክ። ምነው፣ ምን ጠፋብዎ?”

ሙሾ አውራጇ አፏን ከፍታ ቀረች። አንዱ ሽማግሌ አማተበ፤ አንዱ ሊሮጥ ከጀለ። ጎበዜ ከጉድጓዱ አፍ ካለው የአፈር ክምር ላይ ወጣ፤ ያኔ ብቻ ረጅም መሰለ።

“እሰይ መጣችሁ!” አለ። “ዛሬ ጧት በቀንድ ጠርቻችሁ አራት ሰው መጣልኝ። ስትሞት ግን ሃምሳ ሆናችሁ መጣችሁላት! ሥራ ፈትታችሁ፣ መፈልፈያ አቁማችሁ፣ አንድ ቀን ሙሉ ልትሰጧት። እንግዲያው ያንኑ ቀን በሕይወቷ ስጧት። የሞተች ለት እኔ ብቻዬን እቀብራታለሁ!”

“ኧረ አያ ጎበዜ፣ ቀስ ይበሉ!” አለች ሸጌ ከቃሬዛው ላይ።

ማንም አልሳቀም። ገና ነበር። ሰው ሁሉ ባምላክን ያያል። ባምላክ ደግሞ እጁ ደረቱ ላይ እንደተጣበቀ ቀርቷል፤ እንባው ጉንጩ ላይ አልደረቀም፤ የምሩን ነበር ያለቀሰው። ቀስ ብሎ የተዘቀዘቀውን ኩታ ከትከሻው አወረደ፣ አጣጠፈ፣ ወገቡ ላይ አሰረው። ከዚያ ከቻላቸው እጅ ዶማውን ተቀበለና፣ “የቱ ጋ ነው?” አለ፤ ለሸጌ እንጂ ለሌላ ሰው አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለመናገር አፌ ያንሳል። ወገቧ የተጎዳ ሴት ቃሬዛ ላይ ተደግፋ ሃምሳ ሰው ስታዝ አየሁ። “ከቀዩ በታች ያለውን። አይ፣ እሱ አሸዋ አለበት። ግራጫውን። አዎ፣ እሱን አምጣልኝ።” ትቀምሰዋለች፤ በሁለት ጣቶቿ ታሸዋለች፤ “ይሄ ነው” ትላለች። ዕድሜያችንን ሙሉ አፈር ስናርስ የኖርን ሰዎች፣ አፈር የምናውቅ እኛ ብቻ የሚመስለን፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ አፋችንን ከፍተን እናያታለን። ባምላክ ጉድጓዱ ዳግም እንዳይናድ ከላይ እየጠረበ አሰፋው፤ መቆፈርስ ያውቃል። ከዚያ ማዳበሪያው በየጀርባችን ሆነ። ከተራራው ግርጌ እስከ ጉብታው ድረስ፣ ያ ሜዳ እንደ ጉንዳን መንገድ በሰው ተሰመረ፤ አፈር ተሸክሞ የሚሄድ፣ ባዶውን የሚመለስ። ዘፈኑን ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ የሩዝ አረም ዘፈን ነበር፤ ለጭቃም ሆነ።

እኛ ስንመላለስ ሸጌን ቤቷ መልሰናት ነበር። የመጨረሻውን ሸክም ሳራግፍ ከክምሩ ቆንጥራ፣ ከአሮጌ ገል ዱቄት ጋር ለውሳ፣ ከተሰበረ ሸክላ ላይ አስቀምጣ እያዞረች ነበር። አንድ እጇ ከውስጥ፣ አንድ እጇ ከውጭ። ጭቃው እየተነሳ፣ እየሳሳ፣ ሆድ አወጣ፣ አንገት አወጣ። አንድ ጣሳ ጠላ ጠጥቶ ለመጨረስ በሚፈጀው ጊዜ እንስራ ሆነ። ባምላክ ትከሻው ላይ አፈር እንዳለ ቆሞ ያያል።

“ቤቴ ያሉት ሁሉ እንዲህ ሆነው ነው የተሠሩ?” አለ።

“አይ፣ የእርስዎን በጥድፊያ ነው የሠራኋቸው” አለች ሸጌ።

ምሳ ደረሰ። ሁሉም የልብሱን አፈር ያራግፍ ጀመር። ሸጌ በጣቷ ወደ ግድግዳው ጥግ አመለከተች፤ አንድ ቁና ምስር፣ ጨው፣ በርበሬ፣ ሁለት አዳዲስ ድስት ተቀምጧል።

“ድስቶቹ እሳት አይተዋል እንጅ እህል አላዩም” አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ እሱ ነው አንጀት የበላኝ። “እናንተው ሥሩ፣ እናንተው ብሉ። እኔ አልነካም።”

“የደቦ ባለቤት እንግዳዋን አብስለህ ብላ የምትልበት አገር የቱ ነው?” አለች አምሳል። መልስ ሳትጠብቅ ጎንበስ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው።

“ሸጌ፣ ያ ከውስጥ ያለው ወጥ ለማን ነው?”

“ለእኔና ለልጄ።”

“በጋን ነው እንዴ የምትበሉ? እንጀራውስ፣ ያ ሁሉ ቁልል?”

ሸጌ መሬት መሬት አየች። ለሃምሳ ሰው ሠርታ፣ ማቅረቡን ፈርታ ነበር።

ቀረበ። ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ፣ ቀይ ምስር ወጥ። ጎበዜ ከፊት ተቀመጠ። እጁን ታጠበ። አንድ ጊዜ ወደ ክታቡ ሊሄድ የነበረውን እጁን አየሁት፤ መንገድ ላይ መልሶ ወደ እንጀራው ላከው። ጠቀለለ። ዓይኑን ጨፈነ። ጎረሰ። ሃምሳ ሰው ትንፋሹን ይዞ የአንድ ዘበኛ መንጋጋ ሲያኝክ ተመለከተ። ዋጠ። አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ ቆይቶ ሌላውን።

“ጨው አንሶታል” አለ።

“ለዘበኛ ይበቃል!” አለች ሸጌ።

ያን ጊዜ ነው የተሳቀው። ጧት ያልተሳቀው፣ ጉድጓዱ ጋ ያልተሳቀው ሁሉ ተጠራቅሞ ፈነዳ። ሳቁ ሳያልቅ እጅ ሁሉ ወደ መሶቡ ሄደ። ባምላክ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። እኔም በላሁ። የምሬን ነው፣ ጨው አንሶት ነበር።

እየሩስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰው ገና አልተበተነም። ከቤቷ ክዳን ጫፍ የሚስተካከል ግራጫ ክምር ደጃፏ ላይ ቆሞ አገኘች። ቦርሳዋን አስቀመጠች። ሰው አልሰላመችም፤ ያየችን አይመስለኝም። እጇን እስከ ክርኗ ክምሩ ውስጥ ከተተች፣ አወጣች፣ አሸተተች። ዞረችው። ከዚያ፣ ያቺ ከአጥር ውጭ ሆና ፊዚክስ የምትመልስ ልጅ፣ ክምሩን ተደግፋ ቁጭ አለች።

“እማ፣ እስከ መቼ ያደርሰናል?”

“እስከ ግንቦት። ከዚያ ፈተናሽ ነው።”

“ካለቀባችሁ ደግሞ” አለ ባምላክ ዶማውን እያነሳ፣ “ቃሬዛውን ብቻ ከፍ አድርጋችሁ አሳዩን።”

በማግሥቱ ጧት ጎበዜ በሩን ሊከፍት ሲመጣ እየሩስ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። እጇ ንጹሕ ነው፤ ደብተሯ ጉልበቷ ላይ ነው።

“አያ ጎበዜ፣ ደህና አደሩ? ይክፈቱልኝ።”

ጎበዜ ሰዓቱን አየ።

“አሥር ደቂቃ ይቀራል” አለ።

አልከፈተም። ሕግ ሕግ ነው። በሩን ከውስጥ ተደግፎ ቆመ፤ እሷም ከውጭ ተደግፋ ቆመች፤ በመሐላቸው ያቺ ቆርቆሮ ብቻ። ሁለቱም አንድ ሰዓት ተኩል እስኪሞላ ጠበቁ።